የአቃቂ የሰማይ መርከቦች ሀምቡርግ ሲገቡ

አቃቂን የለቀቅኩ ዕለት ምሽት ባቡሩ ዘገየና እኔና ሸረፋ ጣቢያው አግዳሚ ላይ የመጨረሻውን የመጫወቻ መርከብ ጦርነት ገጠምን። ሸረፋ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከክር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሱቅ አለው። እኔ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ክር አጠንጣኝ ነበርኩ። መርከቦቻችንን የሠራናቸው ከተጣለ ማጠንጠኛ እንጨት ሲሆን ክንፋቸው የሳርዲን ቆርቆሮ ነው። ለምን ይበራሉ ብትሉኝ፣ የአቃቂን ወንዝ በበጋ ፍየል እንኳ ጉልበቷ ሳይረጥብ ትሻገረዋለች፤ ታዲያ የት ይንሳፈፉ? ቆርኪ እንወረውራለን፤ በጀርባው ከወደቀ የጠላት መርከብ ተመታ ማለት ነው። ባቡሩ ሲደርስ ሸረፋ የራሱንም መርከቦች ከረጢቴ ውስጥ ጠቀጠቀልኝ።

«እዚያ የሚገጥምህ አታጣም» አለና ፊቱን አዞረ። እኔማ አለቀስኩ።

ከጅቡቲ በኋላ ባሕር፣ ባሕር፣ አሁንም ባሕር። ሀምቡርግ ስንደርስ የጉምሩክ ሰው ከረጢቴን ዘረገፈው።

«ምንድን ናቸው?»

ከፋብሪካችን ጀርመናዊ መካኒክ በለቀምኩት ቋንቋ «ክሪግስሺፈ፣ የጦር መርከቦች» አልኩ።

«የማን?»

«የእኔና የሸረፋ።»

«ሸረፋ የየት አገር መንግሥት ነው?»

«የአቃቂ» አልኩት። እሱም ጻፈው!

ቤት ፍለጋው ከባሕሩ ባሰ። «ክፍል ይከራያል» የሚል ወረቀት አይቼ ሳንኳኳ፣ ወረቀቱ እዚያው ተለጥፎ «አሁን ተያዘ» ይሉኛል። ምግቡም ጠዋት ካርቶፍል የሚሉት ድንች፣ ማታ ካርቶፍል፤ በርበሬ የሚባል ነገር እግዜር አላሳያቸውም። በመጨረሻ ሄር፣ ማለትም አቶ፣ ብሩንክ የሚባሉ ጡረተኛ መርከበኛ በራቸውን ገርበብ አደረጉ። ሊዘጉብኝ ሲሉ ከከረጢቴ ብቅ ያለውን ክንፍ አዩና አስገቡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ለካ እሳቸውም ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ መርከቦች ደርድረዋል!

«መርከብ አይበርም» አሉኝ።

«የእርስዎ አይበርም።»

ደማቸው ፈላ። «ግጠመኝ! ካሸነፍክ ክፍሉ ለክረምቱ ያንተ ነው። ከተሸነፍክ አሁኑኑ ትወጣለህ።»

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ የማንኳኳው ሌላ በር አልነበረኝም። የቆርኪውን ሕግ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌው ደግሞ ለቆርኪ እጃቸው የተባረከ ነው። መርከቦቼ ረግፈው አንዲት ስትቀረኝ፣ እንደገና ሊወረውሩ እጃቸውን አነሱ። ሳላስበው ያዝኳቸውና «በሞቴ!» አልኩ። እኛ ሰፈር በሞቴ የተባለ ሰው ጠግቦም ይጎርሳል፤ ከሸረፋ ጋር ስንጫወትማ ተራውን ይለቃል።

«ምን ማለት ነው?»

ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፦ «በይ ማይነም ቶድ።»

ነጩ ሰውዬ የባሰ ነጡ። መርከቧ ከወደቀች ይህ ልጅ ራሱን ሊያጠፋ ነው ብለው ደመደሙ። ቆርኪውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ፣ የዳቦውን ቢላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት፣ ሾርባ አሞቁልኝ።

«ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አሉና የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሾርባው ሲሸተኝ መልሼ ዘጋሁት።

ብርዱ አጥንት ሰብሮ መግባት ሲጀምር ከፖስታ ቤት ወደ አቃቂ ደወልኩ። ሸረፋ በደብዳቤ በተቀጣጠርንበት ቀን እናቴን ስልክ ያለበት ቤት ወስዷት ነበር።

«እማዬ፣ ለክረምቱ ቤት አግኝቻለሁ! ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ።»

«የምን ክረምት?» አለች። «ክረምቱማ ከወጣ ቆየ፤ ጤፉ እየታጨደ ነው።»

«እዚህ ገና መግባቱ ነው።»

 

«ታዲያ እኔ» አለች ቀስ ብላ፣ «በየትኛው ክረምት ልጠብቅህ?»