ለጥምቀት የተባለው ቀሚስ

ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪና መንኳኳት ሲጀምር፣ እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ፍራንክፈርት ውስጥ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ያለንበት ቤት አሮጌ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ለማለት ይቃጣናል፣ ስለዚህ የሰው ቤት ድምፅ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን ተርርር ብሎ ሮጦ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ተርርር ሲል፣ ከኩሽናዬ አንሥቶ በልጅነቴ አገር ገበያ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወስዶ አቆመኝ፣ እጆቼን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ ሰፊው በሜትር እየለካኝ። ረሳሁት ብዬ የማልኩበት ነገር ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው ይሉኝ ነበር፤ ማን ጽፎት? ነገሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ከእናቴ ጋር በጭቃ እየተለወስን አረም እናርም ነበር፣ አክስቴ እታገኝም ዝናቡን ከመጤፍ ሳትቆጥረው ከወንዝ ማዶ እየተሻገረች ትመጣ ነበር። ሁለቱ ምድጃ ዳር ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ ቆይተው፣ እኔ ስገባ ዝም ይሉና አክስቴ ከራሴ እስከ እግሬ ታየኝ ነበር። «ደረሰች እኮ» ትላታለች ለእናቴ፣ ስለ ማሽላ እንደምታወራ ሁሉ። እናቴ አትመልስላትም። ዛሬ ሳስበው ከአክስቴ አፍ ይልቅ የእናቴ ዝምታ ያንገበግበኛል።

መስከረም ጠብቶ ልጆቹ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው በደጃችን ሲያልፉ፣ እኔ ታናሼን አዝዬ አጥሩ ጋ ቆሜ አያቸው ነበር። እናቴ «ዘንድሮ ሕፃኑን ያዢልኝ፣ ለከርሞ ትቀጥያለሽ» ብላኝ ነበርና እኔ ሞኟ ከርሞን እጠብቅ ነበር። አስተማሪዬ ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን ሲያነጋግሩት፣ ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና «እሺ መምህር፣ እናያለን» ብሎ ሸኛቸው። ማየቱንስ አይቶ ኖሯል፣ ሌላ ነገር።

እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ እናቴና አክስቴ አዲስ ቀሚስ ሊያሰፉልኝ ገበያ ወሰዱኝ። እስከዚያ የለበስኩት ሁሉ ከእናቴ ቀሚስ የተረፈ ስለነበር ከደስታዬ ብዛት ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ አክስቴ ግን ሳልጠይቃት «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» አለችኝና ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ሰፊው ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር፣ ለካክቶኝ ሲያበቃ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ እናቴ ዞረ።

«እሜቴ፣ ልክክ ላድርገው ወይስ ከታች እጥፋት ልተውላት?»

«እጥፋት ተውላት» አለችው እናቴ፣ «ታድግበታለች።»

ይህች ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። ገና እንደማድግ ታውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀች ነው።

ጥምቀት ደረሰ፣ ቀሚሱ ከሳጥን አልወጣም። እናቴ «ይቆሽሻል» ብላ አሮጌውን አለበሰችኝ፣ እኔም እንዳኮረፍኩ ታቦቱን ስሸኝ ዋልኩ። በሳምንቱ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። አባቴ «ዝክር አለብን» ስላለኝ፣ ከልጆቹ ጋር እየሮጥኩ ለዳሱ ቅጠል አቀብል ነበር፣ አክስቴ እንሶስላ ስታሞቀኝም ለድግሱ ነው ብዬ እጅና እግሬን ሰጠኋት። በማግስቱ ያ ቀሚስ ወጣ። ከበሮው እየተመታ፣ በቅሎ ተጭና፣ የማላውቃቸው ወንዶች እየዘፈኑ ደጃችን ሲደርሱ፣ እኔ አንገቴን አስግጌ ሙሽራዋ የት እንዳለች እፈልግ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሙሽራዋን እፈልግ ነበር። የገባኝ አንዱ ሚዜ ብድግ አድርጎ በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጠኝ ነው።

በመጋቢት ከዳሩኝ ሰውዬ ቤት ጠፍቼ በእግሬ ተመለስኩ። እናቴ ምግብ አቀረበችልኝ፣ ፊቴን ግን አላየችውም። ሲነጋ አባቴ ከፊት ከፊቴ እየሄደ መልሶ ወሰደኝ፣ መንገዱን ሙሉ የተነፈሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አታዋርጅኝ።» ሁለተኛ ስጠፋ ወደ ቤት አልሄድኩም። አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ ከዚያ ዓረብ አገር፣ ከዚያ ፍራንክፈርት፣ እንዲህ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

እንግዲህ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ «የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» ብለው ሲመርቁኝ፣ አፌ አሜን ይላል። የማንን ወግ? ልጄ ሶስና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አባቷ ከእኛ ጋር አይኖርም፣ ያለኋት እኔው ነኝ። ሰውነቷ መለወጥ ሲጀምር እሷ ምንም አልመሰላት፣ የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰፋፊ ሹራብ እየገዛሁ አለብሳት ነበር፣ ኤስባን የሚሉት ባቡር ሲዘገይባት መስኮት ላይ ተጥጄ መንገድ መንገዱን አይ ነበር፣ ማን እንደሚወስድብኝ እንጃ።

የስፌት መኪናው የጎረቤቴ የማሪሶል ነው። ማሪሶል የኮሎምቢያ ሰው ናት፣ ሳክሰንሃውሰን በሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እሷ አትክልት ስትከትፍ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛችን እየተግባባን እንስቃለን። ልጇ ካሚላና ሶስና አንድ ክፍል ናቸው፣ ሁለቱም እዚህ ተወልደው ለእናቶቻቸው በጀርመንኛ የሚመልሱ ናቸው። ታዲያ በዚህ በፀደይ ሶስና ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ካሚላ አሥራ አምስት ሊሞላት ነው፣ ነጭ ቀሚስ እየተሰፋላት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ድግስ አለ፣ እኔም ከኋላዋ ሆኜ እጨፍራለሁ ስትለኝ፣ የቀረውን አልሰማሁም። «አትሄጂም» አልኳት። «ዋሩም?» አለችኝ፤ ለምን ማለቷ ነው። ወጥቼ የማሪሶልን በር ደበደብኩ።

«ካሚላ ልጅ ናት» አልኳት ገና ስትከፍትልኝ። «አንቺ እናት አይደለሽም ወይ? ለማን ነው የምትሰጫት?»

ማሪሶል በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል አውጥታ ትክ ብላ አየችኝ። ሠርግ መስሎኝ እንደሆነ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። አስቀምጣኝም አስረዳችኝ፤ በእነሱ አገር ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት እግዚአብሔር ለዚህ አበቃሃት ተብሎ ይመሰገናል፣ ይደገሳል፣ አባትየው ጠፍጣፋ ጫማዋን አውልቆ ባለ ተረከዝ ያደርግላታል፣ በቃ፣ ማንም ይዟት አይሄድም። ካሚላ ድምፃችንን ሰምታ ወጣችና፣ በዚያ ቀን የሚደረገውን ዘውድ አላደርግም ብላ ከእናቷ ጋር እንደተጣላች፣ አያቷ ከኮሎምቢያ በስልክ ብታለቅስም እምቢ እንዳለች በኩራት ነገረችኝ።

«እና ዘውዱስ?» አልኳት።

«ቀረ» አለችኝ፣ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ።

እምቢ አለች፣ ቀረ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ሶስናን ፈቀድኩላት፣ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ልጃገረዶቹ ጨፍረው ሲጨርሱ ወንበር መሐል ላይ ተደርጎ ካሚላ ተቀመጠች፣ አባቷ ዊልሰንም መጣ። አየር ማረፊያ ዕቃ የሚጭን ግዙፍ ሰው ነው። በጉልበቱ ተንበርክኮ ጫማዋን አወለቀላት፣ የአዲሱ ማሰሪያ ግን ለዚያ ወፍራም ጣቱ አልታዘዝ አለው፣ ሰው ሲስቅ እሱ ያለቅስ ነበር፣ ልጅቷም እጇን ትከሻው ላይ ጥላ ትጠብቀው ነበር። ሁሉም ሲያጨበጭብ ተነሥቼ ወጣሁ። ትራሙ የሚያልፍበት ጋ ቆሜ ጥርሴን አፋጨሁ። የእኔ አባት ጉልበት አልነበረውም ወይ? ለታቦት ይንበረከክ ነበር፣ ለዳኛ ይንበረከክ ነበር። ድህነት ነው ይሉኛል፣ ዊልሰንም ድሃ ነው። ባህል ነው ይሉኛል፣ ይሄስ ባህል አይደለም? አንዱ ባህል ለሴት ልጁ እየሳሳ ያስቀምጣታል፣ ሌላው ጭኖ ይሰድዳታል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው ሰው ነው፣ ከሰማይ የወረደ የለም። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ነፍሱን ይማረው ለማለት ግን ምላሴ ዛሬም ይከብደኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ካሚላ አዲሱን ጫማ በእጇ ይዛ፣ ያን ሁሉ ቀሚስ ሰብስባ፣ እግሬን ላጠኝ እያለች ከፊታችን ደረጃውን ትወጣ ነበር፣ እናቷም ከኋላ ትቆጣት ነበር። ከዚያ ሁላቸውም ገብተው በሩ ተዘጋ። በገዛ አልጋዋ ተኛች። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደች።

እኛ ቤት ገብተን የሶስናን የፀጉር ስፒል እየነቀልኩላት፣ የሚመጣው ዓመት ላንቺም ቢደገስልሽ ትወጃለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«አላውቅም ማማ» አለችኝ፣ «አስብበታለሁ።»

እኔ ከእሷ ባነሰ ዕድሜ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ሁሉ ነገር ታስቦልኝ አልቆ ነበር። ሶስና እስከ ዛሬ እያሰበችበት ነው፤ አላጣደፍኳትም።