ሳቁን አስቀርቼ ንባቡን ቆረጥሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። የሬዲዮ ዘጋቢ ነኝ። የሌላውን ጥፋት ሳጣራ ኖሬ የራሴን ደብቄ ያዝሁ።

ቢቸና አጠገብ ወዳለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሄድሁት ልጆች ማንበብ ለምን እንደሚያቅታቸው ለመዘገብ ነበር። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ መምህርት የሺ ልጆቹን ግቢ አውጥታ ሰኞ ማክሰኞ ታጫውታቸዋለች። መሬቱ ላይ በየሳጥኑ ፊደል ጽፋለች። ተጫዋቿ በአንድ እግሯ እየዘለለች የረገጠችውን ፊደል ትጠራለች፤ ከፊደሎቹም ቃል ትመሠርታለች።

«መስመር ረገጥሽ! ውጪ!»

«አልረገጥሁም! ዓይንሽን ታጠቢ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔም ቀረጽሁ።

«ጨዋታውን ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ» አለችኝ መምህርቷ። «ፍሬው ከዚህ በኋላ ነው።»

ክፍል ገብተው የመሠረቷቸውን ቃላት ጻፉ፤ ከዚያ ተራ በተራ አነበቡ። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም የተባለች ልጅ አንድ ሙሉ አንቀጽ አነበበች። ሰማሁ። እሱንም ቀረጽሁ።

ወደ ሞጣ ስንጓዝ፣ መኪና ውስጥ፣ ንባቡን ቆረጥሁት። ሳቁን ብቻ አስቀርቼ «ይህ የምትሰሙት የዕረፍት ሰዓት አይደለም፤ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው» የሚል ጨመርሁበት። ውሸት ነበረበት? አልነበረበትም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እኔ የበደልሁት በእውነት ቃል ነው።

ለምን አደረግሁት? ያደግሁት የኔታ ፊት እግር ታጥፎ ፊደል በሚቆጠርበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ የሚስቅ ልጅ እየተማረ አይደለም። አድማጩ እንዲህ እንደሚያስብ አውቅ ነበር፤ ያወቅሁትንም ተጠቀምሁበት።

ዝግጅቱ እንደተላለፈ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ሞሉት። «ልጄን የላክኋት ለዝላይ ከሆነ ጥጃዬም አብሯት ይማር!» ብለው አንድ አባት ጮኹ አሉ። ጨዋታው ተከለከለ። ትምህርት ቤቱ መምህርት የሺን ከማስተማር አንሥቶ መጻሕፍት መጋዘን መደባት። አለቃዬ «ዘገባህ ውጤት አመጣ» አለኝ። አመሰገንሁት። የቆረጥሁት ንባብ ያኔም በእጄ ነበር። ማስተላለፍ እችል ነበር፤ አላስተላለፍሁም።

ባለፈው ዓመት ሞጣ መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ድምፅዎን አወቅሁት» አለችኝ። መምህርት የሺ ነበረች።

«እንደምን ሰነበቱ? ያቺን ያነበበች ልጅ ያስታውሷታል?»

«አስታውሳለሁ።»

«በዚያው ዓመት ትምህርቷን ተወች።»

አልሰደበችኝም። እኔ ምን አልሁ? «ያሳዝናል» አልሁ። የማላውቀው ሰው ቤት እንደደረሰ ነገር፣ «ያሳዝናል» ብዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ስህተት ነበር አልልም። ስህተት ሳያውቁ የሚሠሩት ነው፤ እኔ ሰምቼ ቆረጥሁ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የመምህርቷና የልጅቷ ነው። እነሱን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።