የራሱን ለቅሶ የደረሰው አጎቴ

ልጅ እያለሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የተለቀሰለት ሰው በገዛ እግሩ ሲመጣ አይቻለሁ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜም ነገሩን አውርቼ አልጠግብም። ሰውዬው የእናቴ ታናሽ ወንድም አስፋው ነው። አሁን የጃዝ ጊታር ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ ስቱዲዮ አለው። በዚያ ዘመን ግን እኛ ቤት ስሙ አይጠራም ነበር።

የምንኖረው ሚዛን አጠገብ ያለችው የአማን ከተማ ነው፣ ከአያቴ ጋር። ሚዛንና አማን ገና እንዳሁኑ አልተጋጠሙም፤ በመካከላቸው ያለውን ቀይ ጭቃ በየቀኑ ለትምህርት እንመላለስበት ነበር። አያቴን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ አዮዲን አዮዲን ይሸታል። አንድ ወንድ ልጃቸው ሐኪም እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። አስፋው ግን ገና ተማሪ ሳለ ሚዛን በነበረው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ነካካ፣ በዚያው ልቡ ሄደ። ነርስነት ይማር ተብሎ አዲስ አበባ ቢላክ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ሆቴል ውስጥ መጫወት ጀመረ። አባባ ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ሄዱና «በጣትህ አይለፍልህ!» ብለው ረግመውት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት አልተያዩም። እናቴ በድብቅ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። እርግማኑን እንዲያነሱለት ስትለምናቸው አባባ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። በሬዲዮ ጊታር የበዛበት ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ ተነስተው ይዘጉታል። ከዘጉት በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ወሬው የመጣው ቡናው ባበበበት ሰሞን ነው። ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎት፣ የቡናው ዛፍ ሁሉ በረዶ የወረደበት መስሎ፣ ሽታው እስከ መኝታ ቤታችን ይገባ ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። እናቴ ጎደሬ ትልጣለች። ከቴፒ ቡና የሚያመላልስ አንድ የምናውቀው ሹፌር መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ።

«የእነ አስፋው ባንድ መኪና ተገልብጧል እህቴ» አላት። «ሌሎቹ ተርፈዋል፤ ጊታር ተጫዋቹ ግን አልተረፈም። ቀብሩም ተፈጽሟል አሉ።»

«በዚያ ባንድ ከአስፋው ሌላ ጊታር የሚጫወት አለ?»

«እኔ የማውቀው የለም።»

ቢላው ከእናቴ እጅ ሲወድቅ አየሁ። ጩኸቷን ግን የሰማሁት ቆይቶ ይመስለኛል፤ ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ከሚዛንም ከሸኮም መጣ። አዲስ አበባ ለመደወል ቢሞከር የስልኩ መስመር በዝናቡ ተበላሽቷል ተባለ።

አባባ ሁለት ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ዓይናቸውም ደረቅ ነበር። «ጨካኝ» ብለው ያሟቸውም አልጠፉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ድንኳኑ መሃል ቆሙ።

«ጣቱን የረገምኩት እኔ ነኝ!» አሉ። «አስፋው፣ ልጄ፣ ሬዲዮኑን የምዘጋው ጠልቼህ መስሏቸዋል። እነሱ ፊት እንዳላለቅስ ነው! እኮራብህ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልናገር!»

አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበርና እናቴ ላይ ተለጠፍኩ። ወዲያው ከመንገዱ በኩል ሌላ ጩኸት ተሰማ።

«አባቴን! ሳይታረቁኝ! ሳይታረቁኝ ሄዱ!»

አንድ ሰው ደረቱን እየመታ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አዲስ ለቀስተኛ መስሎን መንገድ ለቀቅንለት። መሃል ደርሶ ቀና ሲል ፊቱ አባባ በእጃቸው የያዙት ፎቶ ላይ ያለው ፊት ነው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጎረቤታችን «በስመ አብ!» ብላ በድንኳኑ ጀርባ ሮጠች፤ አግዳሚው ከተቀመጡበት ሰዎች ጋር ተገለበጠ። አባትና ልጅ ተፋጠጡ።

«አባባ... አልሞቱም?» አለ አጎቴ።

«አንተስ?» አሉ አባባ፤ እዚያው ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ውሃ ተረጭቶባቸው ሲነቁ እናቴ የወንድሟን ጣቶች አንድ በአንድ ትዳስስ ነበር። አጎቴ እኔን «ነይ» ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ ጮኼ ሸሸሁ። እስኪመሽ አልቀረብኩትም።

ነገሩን ያስረዳን እሱ ራሱ ነው። በዚያ ጉዞ ዋዜማ ወባ ጥሎት ተኝቷል። ግርማ የሚባል ጓደኛው የእሱን ጊታር ይዞ፣ በእሱ ወንበር ተቀምጦ ሄደ። የሞተው ግርማ ነው። «ቀብሬው ነው የመጣሁት» አለ። «ያ ሞት ለእኔ ነበር። ሳልታረቅዎት ብሞትስ ብዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከሚዛን በእግሬ ስመጣ ደጃችን ላይ ድንኳን አየሁ፤ ለእርስዎ መሰለኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ይፍረስ ብለው አዘዙ። አባባ ግን እጃቸውን አነሱ።

«አይፈርስም» አሉ። «ያም ልጅ አባት አለው።»

እናም አንድ ቀን ሙሉ ለማናውቀው ግርማ አለቀስን። አልቃሿ አጎቴን «መልኩ እንዴት ነው? ምን ይወድ ነበር?» እያለች ትጠይቀዋለች። ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሙዝ ይወዳል ይላታል። እሷ ያንኑ በግጥም ታወርዳለች፤ ድንኳኑ በእንባ ይታጠባል።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት አባባ ማልደው ወጥተው ከአንድ ጎረቤት የፕሮቴስታንት መዘምራን ጊታር ተውሰው መጡ። አንድ ክሩ ተበጥሷል።

«ዘፈን እንዳይዘፈንበት ብለውኛል» አሉ።

«ጃዝ ነው አባባ፣ ቃል የለውም» አለ አጎቴ።

«እንግዲያው ኃጢአቱም ቀለል ይላል። በል ተጫወት።»

በአምስት ክር ተጫወተ። እኔ ሙዚቃ ማለት የሚዘፈን ነው ብዬ አስብ ስለነበር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንዳንዴ ወደ ለቅሶው ዜማ ይጠጋል፣ ከዚያ ያመልጥና ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሲጨርስ አባባ እጁን ይዘው «እትፍ እትፍ» አሉበትና «በጣትህ ይለፍልህ» ብለው መረቁት።

አለፈለትም። ብዙ አገር ዞሮ ተጫወተ። ኋላ ደግሞ ሌሎችን ማጫወት ይበልጥበት ጀመር፤ ስቱዲዮ ከፍቶ ከጌጫ፣ ከሸኮ፣ ከቴፒ የሄዱ ልጆችን ሥራ ማቀናበርና ማሳተም ያዘ። በየዓመቱ የግርማን እናት ይጠይቃል። አንድ ነገር ብቻ ከዚያ ወዲህ አድርጎ አያውቅም፤ ትኩሳት እያቃጠለውም ቢሆን በእሱ ቦታ ሰው አይልክም። አባባ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በሬዲዮ ጊታር በሰሙ ቁጥር ድምፁን ለሠፈሩ ይለቁና «ይሄ የእሱ ነው?» ይላሉ። አይደለም ብንላቸውም አይዘጉትም።

አምና አንዱ አጎቴ ሞተ ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ስልኩን እንኳ አንስቼ ሳልጨርስ እሱ ራሱ ደወለ። «አልሞትኩም፤ እንዳትጮኺ» አለኝና ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ «ያኔ አባባ አልቅሰውልኝ ነበር፤ የአሁኑስ ማንም ምንም ሳይልልኝ ተነሳሁ» አለ።

ልጆቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ይገርማቸዋል፤ «አንድ ስልክ ደውላችሁ አታጣሩም ነበር?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። መስመሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ድንኳን አይተከልም፣ ማንም ሦስት ቀን አይጮህም ነበር። አስፋውም በደህና መጥቶ፣ እጅ ነስቶ፣ በዝምታ በልቶ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። አባባም ያን «እኮራብህ ነበር» ያሉትን ቃል ሆዳቸው ውስጥ እንደያዙት ይሞቱ ነበር።