ዋልካ ውስጥ የከረመው ሎሪ

ሰው ሁሉ ከአገሬ የወጣሁት በሌሊት ነው ይላል። እኔ የወጣሁት በቀትር ነው። መተማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ውሻ እንኳ አይጮህም፣ የጣሊያን ዘበኛም ጠመንጃውን ታቅፎ ከዲማው ዛፍ ሥር ያንኮራፋል። ሌሊትማ ነቅተው ነው የሚጠብቁት፤ ሐበሻ የሚሸሸው በጨለማ ነው ተብለዋል።

ጣሊያን በገባ በጥቂት ወሩ ስድስቱን በቅሎዎቼን ወሰደብኝ። እነሱን ወስዶ እኔን ቢተወኝ አንድ ነገር ነበር። ጫኛቸውም ይምጣ አለ፤ አርበኛ ለሚያሳድደው ጦሩ ስንቅ እንድጭንለት። ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ከነልጆቿ ቀድማኝ ሱዳን ተሻግራ ነበር። እናቴ ግን ከመንደራችን ከሽንፋ መተማ ገበያ የምትደርሰው እንኳ በአህያ ነው፤ ጉልበቷ ከዚያ አያልፍም። እስከ ድንበሩ ሸኘችኝ።

መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ኮር ነው፤ ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ወንዝ። ወዲህ ሆነው ቢጣሩ ወዲያ ይሰማል። እናቴ አፋፉ ላይ ስትደርስ አላለቀሰችም።

«በሰው አገር ብላ፣ ጠጣ፣ ሥራ» አለችኝ። «ዘር ግን እንዳትዘራ። የዘራ ሰው እግሩም አብሮ ይተከላል።»

እሺ ብዬ ወረድኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ገላባት ላይ እንግሊዙ ሹም ተቀምጦ ይጽፋል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጫኝ ነኝ። የሲራራ በቅሎ እጭናለሁ።»

«በቅሎዎቹ የታሉ?»

«ጣሊያን ወሰዳቸው።»

ሁለቱ ተነጋገሩ። «በቅሎ ከሌለህ ጫኝ አይደለህም ይላል። ሥራ የለውም ብሎ ይጻፍህ?»

«እሱስ አገሩ እዚህ ነው? አገሩን ሳይዝ መጥቶ እንግሊዝ ነኝ ይል የለም?»

አስተርጓሚው ይህን ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ብቻ እንግሊዙ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። ሥራ የለውም ተብዬ ተጻፍኩ።

ገዳሪፍ ስገባ ጎጆ ያከራየችኝ አንዲት ሐጃ ነበረች። «ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

«አንድ ነኝ።»

«ሐበሻ ጠዋት አንድ ነው፤ ማታ ሰባት ይሆናል።»

ተቆጣሁ፤ ምን ዘመድ አለኝና አልኳት። ማታ ሰባት ሆንን። ከሽንፋ፣ ከሳንጃ፣ የወጣ ሁሉ አሽትቶ መጣ። በማግስቱ ሐጃ በር ላይ ቆማ ቆጠረችንና ሁለተኛ እንስራ ውሃ አስመጣችልን። ሰው ክፉ ነው ስል እንደኖርኩ አውቃለሁ፤ ይህንን ግን ልደብቀው አልችልም።

ምግባቸው ኪስራ ነው። ከማሽላ የተጋገረ እንጀራ ነው፣ ግን ዓይን የለውም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ። ወጡ ወይካ ይባላል፤ ሲያነሱት ክር እየሳበ እስከ አፍ ይከተላል። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምውጠው። አሁን ወድጄዋለሁ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ሥራ የሰጡኝ ሐጅ ኢድሪስ ናቸው፤ ድሮ መተማ ሰሊጥ ሲነግዱ እኔ ነበርኩ የምጭንላቸው። አሁን ሎሪ ገዝተው ኖሯል፤ የጭነት መኪና ሱዳኖች ሎሪ ነው የሚሉት። ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ፤ ከዚያ መሪውን ሰጡኝ። ፊደልም የቆጠርኩት በዚያው ጊዜ፣ ጢሜን ሽበት ከጀመረው በኋላ ነው። አንድ ደብተራ የሎሪውን በር አቧራ ሰሌዳ አድርገው በጣታቸው ይጽፉልኝ ነበር። ሎሪው በታጠበ ቁጥር ትምህርቱ ይጠፋል።

እንግዲህ የመጣሁበትን ነገር ልናገር። ይህን የምጽፈው እናንተ የሎሪ ረዳቶችም ነገ መሪ ስለምትጨብጡ ነው፤ ያኔ እኔን አስቡኝ።

ጥሩነሽ የነበረችው ድንበሩ አጠገብ በተሠራው የስደተኛ ሰፈር ነው። ሰፈሩ አይዘራም። እዚያ ያለ ሁሉ የእናቴን ምክር የመሰለ ምክር ይዞ ነው የወጣው፤ ደግሞም ለመከር አገራችን እንገባለን ይላል፤ የዘራማ መቅረቱን አመነ ማለት ነው። መከር ሁለት ጊዜ አለፈ። ሰፈሩ የሚኖረው ከገዳሪፍ በሚመጣ ማሽላ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ከዝናብ በፊት የሚገባው ጭነት የአራት ወር ሆድ ነው። መሪ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ያ ጭነት የኔ ሆነ።

ሐጅ ኢድሪስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ሠላሳ ጆንያ» አሉኝ። «ከሠላሳ አንድ አትጨምር። በድንጋያማው መንገድ ሂድ። በውሃ ጉድጓዶቹ መንገድ እንዳትሄድ።»

«ሐጅ፣ ድንጋያማው ሁለት ቀን ይፈጃል። የጉድጓዶቹ አንድ ቀን ነው። ሃያ ዓመት ጭኜበታለሁ።»

«የጫንኸው በቅሎ ነው፣ ውቤ። በቅሎ ጥፋትህን ትሸፍንልሃለች።»

እሺ አልኩ። ለእሳቸውም እሺ አልኩ።

ስጭን ገዳሪፍ በቀን ሥራ የሚውለው የአገሬ ልጅ ሁሉ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ይህን ለምሽቴ፣ ይህን ለእናቴ አድርስልኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። አንዱን እሺ ብዬ ሌላውን በምን አፌ እመልሳለሁ? አሥር ጆንያ ተጨመረ። ፊቱ ሞልቶ ስለነበር አሥሩን ከኋላ፣ ከጎማው አልፎ ከፍ አድርጌ ከመርኩት። በቅሎ የሚጫነው ግራና ቀኙ ተመዝኖ ነው፤ እኔም ግራና ቀኙን በሚገባ መዘንኩ። የፊትና የኋላ ሚዛን የሚባል ነገር ጨርሶ አልታየኝም።

ከከተማ ስንወጣ መሪው እጄ ላይ ቀለለ። በደንብ የተጫነች በቅሎ ደግሞ ስትመራ ትቀላለች፤ ልጓሟን በሁለት ጣት ነው የምትይዘው። ደስ አለኝ። ረዳቴን ባቢክርን፣ «አየህ ጭነት ማለት ይህ ነው» አልኩት።

ባቢክር ወጣ ብሎ የፊቱን ጎማ አየ። «መሪ ሲቀል እኔ አልወድም» አለ።

«ሰነፍ ስለሆንክ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ምሥራቁ ጠቁሮ ስለነበር ዝናቡን ልቅደመው ብዬ በጉድጓዶቹ መንገድ ገባሁ። ልብ በሉ፣ የሲራራ መንገድ ከውሃ ወደ ውሃ ነው የሚሄደው፤ እንስሳው ይጠጣል፣ ሰው ያርፋል። ውሃ ያለው ደግሞ ዝቅ ካለው ቦታ ነው፤ ዝቅ ያለው ቦታ ዋልካ ነው፣ ሲርስ እግር የሚይዝ ጥቁር አፈር። ሃያ ዓመት ሄጄበታለሁ፣ እውነት ነው፤ ግን ሲራራ በክረምት አይወጣምና ደርቆ እንጂ ርሶ አይቼው አላውቅም። እግር የሚወደውን መንገድ ጎማ ይጠላዋል። ይህን አንድ ነገር ያዙ፤ ሌላውን ብትረሱት አላዝንም።

ዝናቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘንብ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ባዞር ሎሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ መሬት አልያዘም። ከመንገድ ወጣን፤ የኋላው በአሥሩ ጆንያ ክብደት እስከ ሆዱ ሰመጠ። ባቢክር ወርዶ ዞረና፣ «ተቀምጧል» አለ፤ ስለ እንግዳ እንደሚናገር።

ሰፈሩ የግማሽ ቀን መንገድ ይቀራል። ልነግራቸው በእግሬ ሄድኩ። ሰዉ የሎሪ ድምፅ ሲጠብቅ እኔ ጭቃ ተለውሼ ደረስኩ። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ተሰማ ተነሥተው ተቀበሉኝ። ጥሩነሽ ኋላ ቆማለች፤ ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ይዟል።

«ስንት ጭነህ ነበር?» አሉ አያ ተሰማ።

«አርባ።»

«ስንት ጫን ተብለህ?»

«ሠላሳ።»

«እንግዲህ አሥሩ ሠላሳውን በላው።»

 ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥሩነሽ እግሬን አጠበችና፣ «ተነሥ፣ ነገ ሳይመሽ አንድ ጉዞ እናመጣለን» አለች።

ወንዱም ሴቱም በጀርባው ተሸከመ። ዋልካ እግር ላይ እየተደረበ እንደ ግንድ ይከብዳል። በየቀኑ ይዘንባል። ከላይ የነበሩት፣ አትጫን የተባልኳቸው አሥሩ፣ ሸራ ለብሰው ስለነበር እንደደረቁ ወጡ፤ ከሥር ያሉት ሠላሳዎቹ ግን ከእኛ ቀድመው ውሃውን ጠጡት። ግማሹን አዳንን። ክረምቱን ሰፈሩ በቀን አንድ ጊዜ በላ። የጥሩነሽ ትንሹ ልጅ አንገቱ ሲቀጥን አይቻለሁ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ በሕይወት አለ።

ሐጅ ኢድሪስ በግመል መጥተው ሎሪውን አዩት። ሹፌርነቱ ቀረ ብዬ ቆምኩ። «ሌላ ሹፌር ብቀጥር እሱም አንድ ሎሪ ይቀብርብኛል» አሉ። «አንተ ቀብረህ ጨርሰሃል።»

የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ስንፈታ ማሽላው በቅሏል፤ ሥሩ ከጆንያው ጋር ተጠላልፏል። ሴቶቹ ብቅል እናድርገው አሉ፤ ፀሐይ የት አለና ይደርቃል፣ ሊሻግት ነው። ሁሉም ቆሞ ያያል። ምን መደረግ እንዳለበት የማያውቅ ገበሬ አልነበረም፤ የሚደፍር ግን ጠፋ። ጥሩነሽ አንድ እንጨት አሾለችና ከሎሪው ጎማ አጠገብ ጎንበስ ብላ መቆፈር ጀመረች።

«አንቺ» አሉ አያ ተሰማ፣ «በሰው አገር ልትዘሪ ነው?»

«እኔ አልዘራሁም፣ አያ። እሱ ራሱ በቅሏል። እኔ አፈር ማልበሴ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ሴት ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ወንዶቹ። አያ ተሰማ ዝናብ እየመታቸው ብዙ ቆሙ። በኋላ ከጆንያው እፍኝ ዘግነው ራቅ ብለው ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን አለበሱት።

መስከረም ሲጠባ ሎሪው አይታይም፤ ማሽላው ውጦታል። ወጥቶ መንቀሳቀስ የቻለው ከአጨዳው በኋላ ነው፣ ሠላሳ ጆንያ ብቻ የሚጭን ሆኖ፣ ከባዱ ከሥርና ከፊት። መሪው ከቀለለኝ ቆሜ አራግፋለሁ፤ ማንም ይለምነኝ። ይህ ጥሩነሽን ያስቃታል፤ «ለምሽቴ ብሎ የሚመጣውን ሰው አሁን በዓይንህ ትመልሰዋለህ» ትለኛለች።

ከአጨዳው በፊት ግን፣ ኮሩ ሲጎድል፣ በእግሬ ገላባት ሄድኩ። በጋ በጋ በገበያ ቀን አፋፉ ላይ ቆሜ እናቴን እጣራ ነበር፤ ወዲህ የእንግሊዝ፣ ወዲያ የጣሊያን ዘበኛ፤ መሻገር ክልክል ነው፣ መጮህ ግን ማንም አልከለከለም። በመጣሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ መቼ ነው የምትመጡ።

በአህያዋ መጣች። ክረምቱ አሳንሷታል።

«እማ!»

«አቤት ውቤ! ጥሩነሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እማ፣ ዘርተናል።»

 ያልሰማች መስሎኝ ደገምኩት።

«ሰማሁ» አለች። «ምን ዘራችሁ?»

«ማሽላ።»

«በቀለ?»

«ከሰው ቁመት በላይ ነው። አሽቷል።»

አህያዋን ወደ ሽንፋ መለሰቻት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች።

«ወፉን ጠብቁ!» አለችኝ።

መቼ ነው የምትመጡ አላለችኝም።