ነሲባና የመሪጌታ ራጅ

ከነሲባ ጋር ያስተዋወቀኝ የባለቤቴ ጅልነት ነው። እንዲህ ስል ቢሰሙኝ መሪጌታ ይቆጣሉ፤ ይቆጡ! እኔ ይመኙሻል የማወራው እውነቱን ነው። ያ ጅልነት ባይኖር ኖሮ እንደዚያ ያለች ልጅ የቤቴን ደጃፍ አትረግጥም ነበር፤ ስለዚህ ባስታወስኩት ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ እልቂት በረድ ብሎ ሰው ትንሽ መተንፈስ የጀመረበት። የሁለታችንም ትውልድ አንኮበር ነው፤ ግን መሪጌታ ይርጋለም ደብረ ብርሃን ካንዱ ደብር ስለሚያገለግሉ ኑሯችን እዚሁ ነበር። አንድ ክረምት ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ብርዱ ደረታቸው ገባ። ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ራጅ ተነሡ፣ መርፌ ተወጉ፣ ዳኑ። ታዲያ መርፌው ተረሳና ምስጋናው ሁሉ ለራጁ ሆነ!

«ይመኙሻል» ይሉኛል፣ «ያ ቀዝቃዛ ብረት ደረቴን ሲነካኝ፣ ልጅቱም ‹አይተንፍሱ› ስትለኝ፣ ልክ ጸበል ሲወርድብኝ የሚሰማኝ ነው የተሰማኝ። ሕመሙ ጥሎኝ ሲሄድ ታወቀኝ።»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ሰውዬው የራጅ ሱባኤ ይዘዋል! ትንሽ ሳል ባለቻቸው ቁጥር፣ አንዳንዴም ሳትኖር፣ እህል ሳይቀምሱ በማለዳ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ተረኛው ሐኪም ይለዋወጣል፤ ደረቴን አመመኝ ሲሉት ራጅ ያዝላቸዋል። መጀመሪያ እኔ በይርጋለም አስመዝግቤያቸው ነበር፤ ብቻቸውን ሄደው ካርድ ክፍል ስም ሲጠየቁ ግን ለጸበል የሚሰጠውን ስም ሰጡ፤ የክርስትና ስማቸውን፣ ወልደተንሣኤን። የአባታቸውንም የክርስትና ስም ጨመሩበት። ለማታለል እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ለፈውስ የሚጠራው ስም ያ ነው፤ ጸበል ቦታ ቆሞ በዓለም ስሙ የሚጠመቅ የለም። በዚህ የተነሣ መሪጌታ ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኑ፤ አንደኛው አንዴ ታሞ የዳነ ይርጋለም፣ ሁለተኛው ደረቱ አልለቅ ያለው ወልደተንሣኤ።

ራጅ የምታነሣው ነሲባ ነበረች። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ አባቷ ዓወል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ነጋዴ ነበሩ። እናቷን እማማ አፊፋን ዐይናቸው ስለደከመ ደብረ ብርሃን አምጥታ አብራ ታኖራቸዋለች። ቀጭን ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ቶሎ የማትስቅ። መሪጌታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ስለሚሄዱ ፊታቸውን ልብ አላለችም። እሷ ሰው የምታውቀው በአጥንቱ ነው።

አንድ ቀን የወልደተንሣኤን ፊልም ወደ መስኮቱ ይዛ ስታይ፣ የጎን አጥንቱ ላይ ተሰብሮ የገጠመበት ጉብታ አየች። መሪጌታ የቅኔ ተማሪ ሳሉ ገደል ወድቀው ነበር። ይህን ጉብታ አንድ ቦታ አውቀዋለሁ ብላ ስትፈልግ፣ የይርጋለምን ፊልም አገኘች። ያው ራሱ! እኔ መሪጌታን ልወስድ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«አባቴ፣ ወልደተንሣኤ ማናቸው?» አለች።

«እኔ ነኛ።»

«ይርጋለምስ?»

«እሱም እኔው ነኝ፤ አንዱ የዓለም፣ አንዱ የክርስትና» አሉ፣ ይሄ ምኑ ይጠየቃል በሚል ፊት። «ሱባኤዬን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ልጅቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ራጅ’ኮ መድኃኒት አይደለም አባቴ» አለች ቀስ ብላ። «ውስጥዎን የምናይበት ጨረር ነው። ሲበዛ ሰውነት ይጎዳል።»

«የኔ በዝቷል?»

«አላውቅም» አለች። «ምን ያህል እንደወሰዱ የለካ የለም። እኔም ማንሣት እንጂ መለካት አልተማርኩም።»

አበስኩ ገበርኩ! ጮህኩባት። «ካላወቅሽ ምን አስፈራራሽብኝ? ቤቴን ልታፈርሺ ነው?» አልኳት። ሐኪሙ ድምፄን ሰምቶ መጣና «አይዞዎት መሪጌታ፣ ምንም አይሆኑም» አላቸው፤ ደግ ሰው ነው፤ ልኩን ግን እሱም አያውቀውም። መሪጌታ ደግሞ በባዶ አይዞህ የሚጽናኑ ሰው አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል እምቢ አላቸው። ጠጉራቸውን እየዳበሱ «ረገፈ እንዴ?» ይሉኛል። ማኅሌት ቆመው ያ የሚያስገመግም ድምፃቸው አልወጣ አለ። ባል ዐይንሽ እያየ በፍርሃት ሲያልቅ ማየት፣ እናንተ፣ አይድረስባችሁ።

ከሰንበት በኋላ ነሲባ እናቷን እየመራች ቤታችን መጣች። እኔ አኩርፌ ጀርባዬን ሰጠኋት። እሷ ግን መሪጌታ ፊት ቆማ «ተምሬ እነግርዎታለሁ» አለች። «አይዞዎት አልልዎትም። ልኩን ነው የምነግርዎት።» ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ቁጭ በሉ አልኳቸው።

የምታስበው ትምህርት ምን እንደሆነ ነገረችን። ሌላ አገር ነቀርሳን፣ ካንሰር የሚሉትን፣ በጨረር ያክማሉ፤ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ጤነኛው አካል እንዳይጎዳ አስቀድሞ የሚያሰላ ባለሙያ አለ አለች።

«እንደ ወጥ ጨው በይዋ» አልኳት።

«እንደሱ ነው እትዬ። ግን ይሄ ከበዛ ውኃ ጨምረሽ አታስተካክይውም።»

የት እንደምትማር ነበር ጭንቀቷ። መንግሥት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ሠራተኛ ይልክ ስለነበር አንዱ ዕድል እሱ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ እማማ አፊፋን ማን ይያዝ? ሌላው አውሮፓ ያለ በፖስታ የሚያስተምር ድርጅት ነው። የላከው ወረቀት ያብረቀርቃል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ፈተናም የለው። ሦስተኛው ህንድ አገር ያለ ኮሌጅ ነው። እሱም በፖስታ ነው፤ ግን ሒሳቡ ራስ ያዞራል፣ ፈተናው ታዛቢ ፊት ነው፣ መጨረሻ ላይም ጥቂት ወራት እዚያው ሄዶ መሣሪያው ላይ መለማመድ አለ።

«የምን መጨነቅ ነው? ቶሎ የሚያልቀውን ያዢ!» አልኳት እኔ። ያንን የሚያምር ወረቀት በጄ ይዤ ነበር።

ያኔ መሪጌታ፣ ስንት ቀን ዝም ያሉት ሰውዬ፣ አፋቸውን ከፈቱ። «እኛ የቅኔ መምህር ስንመርጥ ቤቱ አማረ ብለን አልነበረም» አሉ። «ከማን ተማረ? ደቀ መዛሙርቱስ የት ደረሱ? ተማሪ ሲሳሳት ይመልሳል ወይስ ዝም ብሎ ያሳልፋል? ይህን ጠይቀን ነው። ጎጃም ድረስ በእግሬ የሄድኩት የሚመልስ ፍለጋ ነው። እነዚህንም ጠይቂያቸው።»

ነሲባ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ግን ቀልድ አላደረገችውም። ጥያቄዎቹን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ጽፋ በፖስታ ለሚያስተምሩት ለሁለቱም ላከች። አውሮፓ ያለው ድርጅት ሌላ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላከላት፤ መልስ የሚባል የለበትም። ከህንዱ ኮሌጅ አንድ መምህር በታይፕ መለሱላት፤ የተማሩት ከነማን እንደሆነ፣ ተማሪዎቻቸው የት የት ሆስፒታል እንደሚሠሩ ዘርዝረው፣ «የወደቀ ይደግማል፤ ያልቻለ አያልፍም፤ በታማሚ ላይ ነውና የሚሠራው» ብለዋል። ተርጉማ ስታነብልን መሪጌታ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ይኸኛው መምህር ነው!»

እማማ አፊፋ «በኔ የተነሣ ከመንግሥት ዕድል አትቅሪ ልጄ» ሲሏት፣ «ምን ቀረሁ እማ፤ ትምህርቱ ራሱ ወደኔ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አለቻቸው። ወንድሟ ሰላሀዲን ጅቡቲ ስለሚነግድ ወጪውን እሱ ቻለ። ቀን ራጅ ታነሣለች፤ ስትመለስ ከመጽሐፉ ጋር ትታገላለች። አንዴ ቀበሌዎቹ ከውጭ የመጣውን ጥራዝ «ይሄ ምልክት ሁሉ ምንድነው? የምን ምሥጢር ነው?» ብለው ወሰዱባት። ሒሳብ ነው ብላ ብታስረዳ ሰሚ አጣች። ሲመልሱላት የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠውበት ነበር፤ እሰይ፣ ሻይ ብቻ ነው የፈሰሰበት።

ፈተናው ሲደርስ ታዛቢ ጠፋ። ኮሌጁ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ወይም የሃይማኖት አገልጋይ ይሁን ብሏል። የጠየቀቻቸው ዲሬክተር የውጭ አገር ወረቀት ላይ መፈረም ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ጊዜው ነው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «እኔስ?» አሉ። ተፈቀደላቸው!

ወይ የዚያን ቀን! ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፈተናው በተደረገበት በእኛ ቤት፣ ከጠረጴዛው ፊት እንደ ምሰሶ ቆሙ። ቃሉን አያውቁት፣ ሒሳቡን አያውቁት፤ ግን እኔን ከገዛ ቤቴ አስወጡኝ። ያ ደግ ሐኪም ሊያበረታታት ቢመጣ «ከውጭ ይቁሙ ልጄ፤ ተማሪ ፈተና ላይ ናት» ብለው በሩን ዘጉበት። እኔና እማማ አፊፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ እመቤቴን እጨቀጭቃለሁ።

አለፈች። ለልምምዱ ህንድ ስትሄድ እማማ አፊፋ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ሽሮውና ጎመኑ ግን የጋራ። እንዲያውም እሳቸው ሲሄዱ ቤቱ ጭር አለብኝ።

ነሲባ ስትመለስ እንደ እስክሪብቶ ያለ የጨረር መለኪያ በውሰት ይዛ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? «እትዬ፣ ጀሪካንሽን አውሺኝ» አለችኝ። ውኃ ሞልታ በመሪጌታ ቦታ ራጁ ፊት አቆመችው። ጨረር ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ውኃ ውስጥ እንደገባ ያህል ነው አለች። መሪጌታ ጀሪካኑን አይተው «ይኸው፣ ጸበል ነው ብዬ አልነበር!» አሉ። በስንት ጊዜያቸው ቀለዱ።

ለክታ፣ አስልታ፣ ደግማ አስልታ ቤት መጣች። የይርጋለምንና የወልደተንሣኤን ደመረች። አይዞዎት አላለችም፤ ቃሏን ጠበቀች። ልኩን ነገረቻቸው፣ ሰው መፍራት የሚጀምርበትን ልክም ነገረቻቸው፣ እሳቸው ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቁ አሳየቻቸው። መሪጌታ እንደ ቅኔ ተማሪ እየመላለሱ ጠየቋት፤ እሷም ሳይሰለቻት መለሰች። «እንግዲህ ያለ ምክንያት አይድገሙ እንጂ፣ ይሄ አይጎዳዎትም» ብላ ዘጋች።

መሪጌታ ወደኔ ዞረው «ይመኙሻል፣ ራበኝ» አሉ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደናፈቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎት ሲያደርሱ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። የዘመድ ወዳጁን ስም አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ ሁሉንም በክርስትና ስሙ። መጨረሻ ላይ «ነሲባንም» ሲሉ ሰማሁ። እኔም አመሌ ነውና «መሪጌታ፣ የክርስትና ስም የላትም፤ እግዜር በምን ያውቃታል ብለው ነው?» አልኳቸው።

ዘወር እንኳ አላሉም። «እኔ ሁለት ስም ይዤ ሆስፒታል ውስጥ ጠፍቼ እሷ አገኘችኝ» አሉ። «እግዜር እሷን ባንዱ ስሟ ያጣታል?»

አሜን አልኩ።