ማቪስ ብሌንኪንና አሥራ አንደኛው ዘፈን

ማቪስ ብሌንኪን ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነበረች። ሄስል መንገድ ላይ አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንኖር እግሯ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ደጅ ላይ ስንተያይ «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ትለኛለች፣ እኔም «ምን አዲስ ነገር አለው» እላታለሁ፣ በቃ፣ የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነው።

ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ በልተናል። በልተናል ስል በአፍ አይደለም፣ በቢላዋ መበለቱን ነው የምለው። ውኃው በረዶ ነበር፤ እጃችን ቀይ ሥር ይመስላል። ሌሎቻችን ብርዱን ለመርሳት እንሳደባለን፣ እንዘፍናለን፣ የአለቃውን አካሄድ እያስመሰልን እንስቃለን። ማቪስ ግን ቢላዋዋን እያየች ትሠራለች። ኦድሪ ስታዘርስ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን «እመቤቲቱ ዛሬም አፏን ቤት ረስታው መጣች» ትል ነበር። ማቪስም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ኩሩ ናት እንል ነበር። ከወንዙ ማዶ ነዋ የመጣችው! ወደብ ከተማችን ሀል ውስጥ ከማዶ የመጣ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ቢኖርም እንግዳ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው የባሕር ነው፤ የማዶዎቹ የወፍጮና የቀለም ፋብሪካ ናቸው። ሮይ የሚባለው የኛ ሰፈር ልጅ ዳንስ ቤት አግኝቷት ነው ያመጣት። ልጅ አልወለዱም፤ ጊዜም አላገኙ።

ሰው የሚስቅባት ግን በልብስ አጠባዋ ነበር። እቤቷ አንዲት ካልሲ እንኳ አታጥብም። ሁሉንም በአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጭና፣ ዝናብም ይዝነብ ነፋስም ይንፈስ፣ እየገፋች ወደ ሕዝብ ልብስ ማጠቢያው ትሄዳለች። የወንድሟ ልጅ አዝኖላት የማጠቢያ ማሽን ገዝቶ አስገባላት። ማሽኑን ኩሽናዋ ውስጥ አቁማ፣ ላዩ ላይ የአበባ መትከያ ደርድራ፣ አንድም ቀን ሳታስነሳው ቀረች። ኦድሪ «አበባው እንዲሽከረከርላት አስባ ይሆናል» ብላ መንገዱን ሁሉ አሳቀችው። እኔም ስቄያለሁ።

ሮይና የእኔ ወንድም ክላይቭ በአንድ የዓሣ መርከብ ነው የቀሩት። በጥር ወር፣ ከአይስላንድ በላይ፣ በረዶው ምሰሶው ላይ እየተጋገረ ከብዶ መርከቡን ገለበጠው። ሃያ ሰው። ከኛ መንገድ ብቻ ስድስት። ክላይቭ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጢሙ ገና መውጣቱ ነበርና በመስታወት ፊት ሲቆጥረው ይውል ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲያ የፊት ክፍሉን መጋረጃ አልከፈተችም። ቤታችን ጨለማ እንደ ሆነ እሷም ሞተች።

ይኸን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ወጣቶቹ ለመንገር ነው።

ከጓሯችን ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ድሮ ዓሣ የሚጨስበት ቤት አለ። ግድግዳው ከጥቀርሻው የተነሣ ሬንጅ የተቀባ ይመስላል፤ ዛሬም ስትጠጉት ይሸታል። ሌላ ሰው አልፈልገውም ሲል አራት ወጣቶች ከበሮና ጊታር ይዘው ገቡበት። የባንዳቸውን ስም «እርጥብ ካልሲ» ብለውታል። ዘፈናቸው ኢንዲ ሮክ ይባላል አሉኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ዘፋኟን ጆሲን ስጠይቃት «አለቃ የሌለው ሮክ ማለት ነው፣ እማማ ዊኒ፤ ስለዚህ ደሞዝም የለውም» አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይጀምራሉ። ጩኸቱ አይጣል ነው። ኦድሪ በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ «ድመት በባልዲ እያጠባችሁ ነው?» ብላ ትጮህባቸዋለች። ማቪስ ግን ካፖርቷን ለብሳ፣ የኩሽና ወንበር አውጥታ፣ የጓሮ በሯ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ለብቻዋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ሰው።

አንድ ቀን ዝናብ መጣ፤ እሷ አልተነሣችም። ጆሲ አየር ልትወስድ ስትወጣ አየቻትና ደነገጠች።

«እማማ፣ ጩኸቱ ረበሸዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም። መሐል ላይ ቀጥ የምትሉባት ቦታ አለች አይደል? እዚያ ጋ አንድ ነገር የጠፋባችሁ ይመስለኛል።»

«የሚጠፋብንስ ከበሮ መቺያችን ነው። እንቅልፋም ነው።»

«እንግዲያው ሻይ አጠጡታ።»

ጆሲ ሳቀችና እጇን ይዛ አስገባቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማቪስ ወንበር ከከበሮው አጠገብ ሆነ። ከማዕዘኑ ሱቅ የተጠበሰ ዓሣና የድንች ጥብስ በወረቀት ይዘውላት ይመጣሉ፤ እሷም ቀስ ብላ፣ ወረቀቱ ላይ ጨው እስኪቀር ትበላለች። ከሰው ጋር ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው፣ በአጥር ቀዳዳ።

ልጆቹ አልበም እየሠሩ ነበር። እንደ ድሮው በሸክላ ሊያሳትሙት። ሙሉው ስለ ከተማችን ነው፤ ስሙንም «የመጨረሻው ፌርማታ» አሉት፣ ባቡሩ እኛ ጋ ሲደርስ ሐዲዱ ስለሚያልቅ። ወደ ሌላ ቦታ ሲያልፍ በሀል በኩል የሚያልፍ ሰው የለም፤ እኛ ጋ የሚመጣ እኛኑ ብሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ዘፈን አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ሁለት አውቶቡስ አሳልፋ ሦስተኛውንም ስለማትሳፈር ልጅ ነው። አንዱ ደግሞ አባቱ ከሞተ በኋላ የአባቱን የኳስ ሜዳ ወንበር ካርድ ሳይመልስ፣ በየሳምንቱ ባዶ ወንበር አጠገብ ስለሚቀመጥ ሰው ነው። አሥር ዘፈን አለቀላቸው፤ አሥራ አንደኛው እምቢ አለ። «የሄስል መንገድ ልጆች ሆነን ስለ መርከቦቹ አንድ መስመር የለንም፤ አያቶቻችን በሕልማችን አይመጡም ይሆን?» አለች ጆሲ። ስለዚህ ማቪስን ጠየቋት፣ በስልካቸውም ድምጿን ቀዱ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ነገረቻቸው። ወንዶቹ ሦስት ሳምንት ባሕር ላይ ሆነው ለሦስት ቀን ሲመጡ ውኃ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አሰፍተው፣ ከቤት እስከ መጠጥ ቤት ሁለት መቶ ርምጃ በታክሲ እንደሚሄዱ። ልጆቹ ተንከባለሉ በሳቅ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። ስትጨርስ ጆሲ ስልኩን ዘጋችው፤ ከበሮ መቺው እንኳ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ያን ነገር እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ማቪስ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ቆማለች።

«ዊኒ፣ ልግባ?»

ከበሩ ዘወር አልኩላት። ገባች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጆቹ ዓርብ ዕለት አልበሙን ወደ ማተሚያው ይልኩታል» አለችኝ። «አንዱ ዘፈን እኔ የነገርኳቸው ነው። ጆሲ ‹ከአልበሙ አውጪው ካሉኝ አወጣዋለሁ› ብላኛለች። ከመወሰኔ በፊት ግን አንቺ ልትሰሚው ይገባል። ከሰማሽ በኋላ በርሽን ባትከፍቺልኝ አልቀየምሽም።»

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ሕግ ልናገር። ወንድ ወደ ባሕር በሚወጣበት ቀን እቤቱ ልብስ አይታጠብም፤ ከታጠበ እሱም አብሮ በባሕር ይታጠባል። ወደብ ድረስ አይሸኝም። እጅ አይውለበለብለትም፤ በእኛ አፍ ማዕበልና እጅ ማውለብለብ አንድ ቃል ናቸውና፣ ያውለበለበች ማዕበል ጠራችበት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ በመንገዳችን አላደገም።

«ሮይ ሲወጣ ነጭ ሸሚዙን ወንበር ላይ ጥሎት ሄደ» አለች ማቪስ። «ደረቱ ላይ መረቅ ፈሶበታል። ስመለስ ለእህቴ ሠርግ እለብሰዋለሁ ብሎኛል። እድፉ ሳይደርቅ ልድረስበት አልኩ። ሕጉን አውቃለሁ፤ አማቴ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ግን እኔ የማዶ ልጅ ነኝ፣ ይኼ የእናንተ ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ፣ ዊኒ! ሰው እንዳያየኝ ውስጥ አጠብኩት፣ ምድጃው ፊት ዘረጋሁት። አንዲት ሸሚዝ ናት። ሃያ ሰው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የማንኛችሁን ዓይን ማየት አልቻልኩም። አንቺን ደግሞ ከሁሉም በላይ።»

እውነቱን ልጻፍ። ለትንሽ ጊዜ ጠላኋት። ሻይ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ማንሣት አልቻልኩም። የክላይቭ ጢም ታየኝ፣ የእናቴ መጋረጃ ታየኝ። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ግን ማቪስ ትክክል ፊቴን እያየች ነበር።

ከዚያ የራሴ ነገር መጣብኝ። አርባ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት።

«እኔ እጄን አውለብልቤለታለሁ» አልኳት።

«ምን?»

«ለክላይቭ። ታክሲው ውስጥ ሊገባ ሲል ዞር ብሎ ቀና አለ፣ ምላሱን አወጣልኝ። እኔ ፎቅ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ሳላስበው እጄ ተነሣ። እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች፣ አላየችም። ማቪስ፣ ያንቺ ሸሚዝ አይደለም። የኔ እጅ ነው ስል ነው የኖርኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«አታድርጊው፣ ዊኒ።»

«ምኑን?»

«እንዲህ ያለውን ደግነት።»

«ምን ደግነት ነው! እውነቴን ነው!»

«ስነግርሽ ፊትሽ ምን እንደ ሆነ አይቻለሁ። ያ ነው እውነቱ። ይኼኛው ጨዋነትሽ ነው።» ተነሣችና ካፖርቷን አስተካከለች። «በይ፣ ዘፈኑ አልበሙ ውስጥ ይቆይ። አንቺ ካወቅሽ ሌላው ቢያውቅ ምን ይመጣብኛል። መብታቸው ነው። የሚሉኝን ይበሉኝ።»

በሩ ድረስ ተከትዬ ማልኩላት። በእናቴ ማልኩ። «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ብላኝ ሄደች።

አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ልጆቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞቹ ክበብ አሰሙት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወጣ፤ አሮጊቶቹ ፊት፣ ወጣቶቹ ኋላ። ማቪስ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አሥራ አንደኛው ሲደርስ ከበሮው ዝም አለ። አንድ ጊታር ብቻ፣ የጆሲም ድምፅ፣ ምድጃ ፊት ስለ ተዘረጋ ነጭ ሸሚዝ፣ እጅጌዎቹ ሲደርቁ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚነሡ። መሐል ላይ ቀጥ የሚሉባት ቦታ ላይ የማቪስ የራሷ ድምፅ ገባ፤ «አንዲት ሸሚዝ ናት» የሚለው ብቻ። ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም፣ ያጉረመረመም የለም። ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

በማግሥቱ ኦድሪ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት ዛሬ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ማቪስ ዘንድ ደርሼ መምጣቴ ነው። ባሌ በዚያ መርከብ በወጣበት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ለልጆቹ አሣማ አልኳቸው። ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ፊት የማይጠራውን ስም ጠራሁት፣ ዊኒ! እንደ አሣማ አትብሉ አልኩ። እሱ ሰማና ገርጥቶ ወጣ። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ስል ኖርኩ።»

በዚያ ሳምንት ሌሎቹም ሄዱ። አንዷ አረንጓዴ መሐረብ አስራ ነበር፤ አረንጓዴ ለባሕር ሰው ገደ ቢስ ነውና። አንዷ የቤት ቁልፍህን ረስተሃል ብላ ከደጅ ጠርታ መልሳው ነበር፤ አንዴ የወጣ ወንድ ወደ ኋላ አይጠራምና። ማቪስ ለሁሉም በሯን ከፈተች፣ ሻይ ቀዳች፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ አመሰገነች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮጬ ሄድኩ።

«አየሽ!» አልኳት። «ሁላችንም ነን እኮ! አሁንስ አመንሽኝ?»

«የት ተሰበሰባችሁ?» አለችኝ።

«ማን?»

«እናንተ። ማን የቱን እንደሚዋሽ የተከፋፈላችሁበት። አሣማውን ለኦድሪ መስጠታችሁ ጥሩ ነው፣ ያምርባታል።» ፈገግ አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «ደግ ሰዎች ናችሁ። ብዙ ጊዜ ሳላውቃችሁ ኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ እየመጣች ሻይ ትጠጣ ነበር። ኦድሪ ስታሾፍባት መልስ መስጠትም ጀመረች፤ አንዳንዴም ታሸንፋት ነበር። ሳቋ ወፍራም እንደ ሆነ ያወቅሁት በሰባ ዓመቷ ነው። ግን መሐላችን ተቀምጣ ስታዳምጥ፣ ይቅር ተብሎ ምግብ የተሰጠው እንግዳ ነበር የምትመስለው፣ እንዳያስቸግር የሚጠነቀቅ። ልጆቹ ሌላ ከተማ ለሌላ ሰው ሊጫወቱ ሄዱ። ያ የጢስ ቤት ተቆለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳንባዋ ታመመ። በመጨረሻው ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩላት ነበር። ዓይኗን ጨፍና የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ዊኒ።»

«አቤት።»

«እውነት አውለብልበሽለት ነበር?»

«አውለብልቤለታለሁ፣ ማቪስ። በቀኝ እጄ ነው። ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ።»

እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣችና የእኔን እጅ መታ መታ አደረገችው፤ ድርሻውን ሳይሳሳት በቃሉ ለተወጣ ልጅ እንደሚደረገው።

«ጎበዝ» አለችኝ።