ሐይቅን ሰጠሁሽ

ከግማሽ ሰዓት በፊት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከተማችንን ሐይቅን ለልጄ አስረከበቻት።

ቅዳሜ ነው። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም፣ መብራት የለም፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነን። በጦርነቱ ከቆቦ የተፈናቀለች ዘመዳችን ከነልጆቿ እኛ ጋ ናት።

ልጆቹ ተነጫነጩ። ገበጣው ሰለቻቸው፣ ለድብብቆሽ መደበቂያ የለም። "እንቆቅልሽ ተጫወቱ" ያልኩት እኔ ነኝ። ብልህ ነኝ ብዬ።

ልጄ ሐያት ጠየቀች። የዘመዳችን ልጅ ዘሃራ መልሱ ጠፋት። ያው እንደ ደንቡ ያልመለሰ አገር ይሰጣል።

"አገር ስጪኝ" አለቻት ሐያት።

"ቆቦን ሰጠሁሽ።"

"እሱ ተይዟል። ሌላ።"

"ወልዲያን።"

"እሱም ተይዟል።"

ዜናውን ከእኛ እኩል ነው የሚሰሙት።

ዘሃራ ትንሽ አሰበች። "በቃ ሐይቅን ሰጠሁሽ።"

ተስቢሕ እየቆጠረች የነበረችው እናቴ ቀና አለች። "አስተግፊሩላህ በይ ልጄ። ሐይቅን እንኳ ተይልን።"

የዘሃራ እናት ግን ቤት ውስጥ ያሰጣችውን ልብስ እንደረጠበ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።

"በዚህ ዝናብ የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"የትም። ለማንኛውም ብዬ ነው።"

ነገ ደግሞ እሁድ ነው፣ ሰማዩም እንደጠቆረ ነው። ስልኬ ዘጠኝ ፐርሰንት ስለቀረው ቶሎ መልሱልኝ። እናንተ ቤት ልጆቹ በዝናብ ምን እየተጫወቱ ይውላሉ? አገር የማያሰጥ ጨዋታ የምታውቁ ጻፉልኝ።